የኤሌክትሪክ ጊታርን ማወቅና ማስተካከል፦ ከክር ቅየራ እስከ አምፕሊፋየር፣ ለጀማሪዎች በቅደም ተከተል

ኤሌክትሪክ ጊታር ገዝተው ወይም ዘመድ ከውጭ አምጥቶላቸው መማር ከጀመሩት መካከል ብዙዎቹ ቶሎ የሚያቋርጡት ጣታቸው ስላልታዘዘ ብቻ አይደለም፤ መሣሪያው ራሱ አልተስተካከለም። ክሩ ከሰሌዳው በጣም ርቆ ጣት ያሳምማል፣ ወይም በጣም ቀርቦ ዝዝ ይላል፣ ወይም ክፍት ክሮቹ በትክክል ተቃኝተው ሳለ 12ኛው ፍሬት ላይ (ፍሬት በሰሌዳው ላይ በአግድም የተተከለው ብረት ነው) ሲጫኑ ድምፁ ይዛባል። ለማስተካከል የሚሞክሩትም አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳቱት ቅደም ተከተሉን በማፋለስ ነው። የክሩ ውፍረትና ቅኝቱ ውጥረቱን ይወስናሉ፤ ውጥረቱ አንገቱን ያጎብጣል፤ የአንገቱ ቅርፅ የክሩን ከፍታ ይለውጣል፤ ከፍታው ደግሞ ድምፁ በየፍሬቱ ትክክል መሆን አለመሆኑን ይወስናል። ከመጨረሻው የጀመረ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል። ስለዚህ ከዚህ በታች ያሉትን ደረጃዎች በተጻፉበት ተራ ይከተሉ፣ አንዱንም አይዝለሉ።

በቅድሚያ፦ ድምፁ ከየት እንደሚመጣ

ይህን ክፍል ሳያነቡ ወደ ካቻቢቴው አይሂዱ፤ ብልሽት ሲያጋጥም የት እንደሚፈልጉ የሚነግርዎ እሱ ነው።

ከክሮቹ በታች የተቀመጠው ፒክአፕ በማግኔት ዙሪያ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ የተጠመጠመ፣ ከፀጉር ብዙም የማይወፍር የመዳብ ሽቦ ነው። ማግኔቱ ከበላዩ ያለውን የብረት ክር ማግኔታዊ ያደርገዋል። ክሩ ሲመታ ይርገበገባል፣ መርገብገቡም በጥምጥሙ ውስጥ የሚያልፈውን የማግኔት ኃይል ይለዋውጣል፣ ከዚያም በሽቦው ላይ ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ደካማ ኤሌክትሪክ ይፈጠራል። ይህ ኤሌክትሪክ በመምረጫ ማብሪያው፣ በድምፅ መጠንና በቶን መቆጣጠሪያዎቹ በኩል አልፎ በ6.35 ሚሊሜትር ጃክ ይወጣና በኬብሉ ወደ አምፕሊፋየሩ ይሄዳል፤ አምፑም ስፒከር ለማንቀሳቀስ እስኪበቃ ድረስ ያጎላዋል።

ከዚህ ሦስት ነገር ይከተላል። አንደኛ፣ በክላሲካል ጊታር ላይ የሚታሰረው የናይሎን ክር በኤሌክትሪክ ጊታር ላይ ድምፅ አይሰጥም፣ ምክንያቱም ማግኔት ናይሎንን አይስብም። ሁለተኛ፣ ማግኔቱ ክሩን ስለሚስብ ፒክአፕን በጣም ማስጠጋት ጉዳት አለው። ሦስተኛ፣ ያ ጥምጥም በቤቱ ውስጥ ካለው የመብራት መስመር የሚወጣውን ጉምጉምታም ይሰማል። ባለ አንድ ጥምጥም ፒክአፕ ይህን ጉምጉምታ ሙሉ በሙሉ ማስቀረት አይችልም። ሀምበከር የሚባለው ግን ሁለት ጥምጥሞች አሉት፤ ከመብራት መስመሩ የመጣውን ድምፅ አንዱ የሌላውን እንዲያጠፋ ሆነው በተቃራኒ ተገናኝተዋል። ባለ አንድ ጥምጥም ጊታር ይዘው ለጉምጉምታው ፒክአፑን አይውቀሱ፣ አይፍቱትም።

ዝግጅት

እነዚህን አስቀድመው በጠረጴዛ ላይ ያኑሩ፦

- አንድ ሙሉ አዲስ የክር ስብስብ። ለጀማሪ ከ0.009 እስከ 0.042 ኢንች (በተለምዶ ባለ 9 የሚባለው) ወይም ከ0.010 እስከ 0.046 (ባለ 10) ይበቃል። በስድስቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ውጥረት ለባለ 9ኙ ወደ 38 ኪሎ፣ ለባለ 10ሩ ወደ 47 ኪሎ ይጠጋል፤ ስለዚህ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወሩ አንገቱ እንደሚንቀሳቀስ አስቀድመው ይወቁ።
- ሹል ሽቦ መቁረጫ ወይም ስለታም ፒንሳ።
- ለጊታርዎ ብሎኖች በልክ የሚገቡ ካቻቢቴዎችና ብሩጎላዎች። አንዳንድ ጊታሮች በኢንች፣ ሌሎቹ በሚሊሜትር የተሠሩ ናቸው፤ ልኩ ትንሽ ያነሰ ብሩጎላ የብሎኑን ጥግ ያደቅቃል፣ ከዚያ በኋላ መልሶ ማውጣት ራሱን የቻለ ሥራ ይሆናል። ከጊታሩ ጋር የመጣው ብሩጎላ ካለ ሌላ አይሞክሩ።
- ግማሽ ሚሊሜትር የሚያሳይ የብረት ማስመሪያ።
- ቱነር (የክሩን ቅኝት የሚያሳይ መለኪያ)፣ በስልክ ላይ የሚጫነውም ቢሆን።
- ካፖ (ክሮቹን በሙሉ በአንድ ፍሬት ላይ የሚጫን መቆንጠጫ)፣ ለስላሳ ጨርቅ፣ የተቀረጸ እርሳስ።

የመኪና መካኒኮች የቫልቭ ክፍተት የሚለኩበት የቅጠል መለኪያ ካገኙ ይዋሱት። ካላገኙ ባለ 0.010 ኢንች የሆነ የአሮጌ 1ኛ (የቀጭኑ) ክር ቁራጭ ይበቃዎታል፤ ውፍረቱ 0.25 ሚሊሜትር ነው፣ የምንፈልገው ልክ ራሱ።

ሥራውን በሚበላ ምግብና በልጆች መካከል አይጀምሩት። ተቆርጠው የሚወድቁት የክር ጫፎች መርፌ ናቸው፤ ወለሉ ላይ ቀርተው እግር ይወጋሉ።

ደረጃ 1፦ ከመንካትዎ በፊት ይለኩና ይመዝግቡ

1. ጊታሩን ከፊትና ከኋላ በስልክዎ ያንሱ፤ በተለይም የብሪጁን ኮርቻዎች (ክሩ የሚያርፍባቸውን ትናንሽ ብረቶች) አቀማመጥ በቅርበት። ብሪጅ ማለት በክራርና በበገና ላይ በርኩማ የምንለው ክፍል ነው።
2. በ12ኛው ፍሬት ላይ ከፍሬቱ አናት እስከ 6ኛው (ወፍራሙ) ክር ታችኛ ጎን ያለውን ርቀት በሚሊሜትር ይለኩና ይጻፉ። 1ኛውንም እንዲሁ።
3. ከአምፕ ጋር አገናኝተው እያንዳንዱ ፒክአፕ መሥራቱን ያረጋግጡ። ክሩን ቀይረው ከጨረሱ በኋላ ድምፅ ቢጠፋ፣ ችግሩ አስቀድሞ የነበረ ነው ወይስ እርስዎ ያመጡት የሚለውን ጥያቄ የሚመልሰው ይህ ብቻ ነው።

ብሪጁ በሞላ የሚንቀሳቀስ (የሚርገበገብ ዱላ ያለው) ከሆነ አሁኑኑ ይመልከቱት። የብሪጁ የኋላ ጠርዝ ከጊታሩ ገላ ተነሥቶ የሚንሳፈፍ ከሆነ አንዱን ክር ሲያጠብቁ የሌሎቹ አምስቱ ቅኝት ይወርዳል፤ ጀማሪን የሚያሳብደው ይህ ነው። የጊታሩን የኋላ ክዳን ፈትተው ሞላዎቹ የተያያዙበትን ሁለቱን ትልልቅ ብሎኖች እኩል ያጥብቁ፣ ብሪጁ ገላው ላይ ዝርግ ብሎ እስኪያርፍ ድረስ። ዱላውን ወደ ላይ መሳብ አይችሉም፣ ነገር ግን በዚህ ጊዜ አያስፈልግዎትም። ክሩን በሁለቱም ጫፍ በብሎን የሚቆልፉ ብሪጆች ግን የራሳቸው ሥርዓት ስላላቸው ይህ መመሪያ ለእነሱ አይሆንም።

ደረጃ 2፦ ክር መቀየር

1. ክሩን ከመቁረጥዎ በፊት መቃኛውን አዙረው ሙሉ በሙሉ ያላሉት። የተወጠረ ክር ሲቆረጥ ወደ ፊት ይፈናጠራል፤ ዓይን ያጠፋል።
2. አንዱን ክር አውጥተው በቦታው አዲሱን ይተኩ፣ ከዚያ ወደ ቀጣዩ ይለፉ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማውጣት ሰሌዳውን ለማጽዳት ያመቻል፣ ነገር ግን በሁለት ምሰሶ ላይ ብቻ የሚቀመጥ ብሪጅ ክር ካልያዘው ተነሥቶ ይወድቃል፣ ገላውንም ይቧጭራል።
3. አዲሱን ክር በብሪጁ በኩል አስገብተው በክሩ ጫፍ ያለችው ትንሽ ኳስ በቦታዋ መቀመጧን ክሩን በእጅዎ ስበው ያረጋግጡ። በሚንቀሳቀስ ብሪጅ ላይ ኳሷ ሳትገባ ቀርታ ክሩ ከተወጠረ በኋላ ወደ ውስጥ ስትዘል ቅኝቱ በድንገት ይወርዳል።
4. ክሩን በመቃኛው ምሰሶ ቀዳዳ አሳልፈው የሚጠመጠመውን ርዝመት ያስቀሩ። ለወፍራሞቹ ሦስት ክሮች ሁለት ዙር፣ ለቀጭኖቹ ሦስት ዙር ይበቃል። ምሰሶዎቹ በአንድ ረድፍ በተደረደሩበት ራስ ላይ ከሚታሰርበት ምሰሶ አልፈው ሁለት ምሰሶ ያህል (5 ሴንቲሜትር ገደማ) ማስቀረት ልኩን ይሰጣል። አናቱ ላይ የተሰነጠቀ ምሰሶ ካለዎት ክሩን በዚሁ ልክ አስቀድመው ይቁረጡና ጫፉን ወደ መካከለኛው ጉድጓድ ያስገቡ።
5. በአንድ እጅ ክሩን እያወጠሩ በሌላው መቃኛውን ያዙሩ፤ እያንዳንዱ አዲስ ዙር ከቀዳሚው በታች ይተኛ። ዙሮቹ እርስ በርስ ከተጣመሩ ክሩ ይንሸራተታል፤ ያላሉትና እንደገና ይጀምሩ፣ ሳይጨርሱም ቢሆን።
6. ክሩ የሚያልፍበትን የነቱን ቦይ (ነት ከራሱ ሥር ያለው ባለ ስድስት ቦይ ቁራጭ ነው) ክሩን ከማስቀመጥዎ በፊት በእርሳስ ጫፍ ያጥቁሩት። ሲቃኙ “ጥክ” የሚል ድምፅ ከሰሙና ቅኝቱ በአንድ ጊዜ ከዘለለ፣ ክሩ በዚህ ቦይ ውስጥ እየተያዘ ነው ማለት ነው።
7. አናቱ ከተሰነጠቀው ምሰሶ በቀር ጫፉን የሚቆርጡት ከተቃኘ በኋላ ነው። ቀድሞ የተቆረጠ ክር ከምሰሶው ሊያመልጥ ይችላል።

ክሩ በተደጋጋሚ በአንድ ቦታ ቢበጠስ ቦታውን ይመልከቱ። ኮርቻው ላይ ከሆነ ብረቱ ላይ ሹል ጠርዝ አለ፤ በጣም ለስላሳ በሆነ የብርጭቆ ወረቀት ይለስልሱት። ምሰሶው ላይ ከሆነ ቀዳዳው ሹል ነው። በየጊዜው ሌላ ቦታ ላይ ከሆነ ግን ከሚገባው በላይ እየወጠሩ ነው፤ ምክንያቱ በሚቀጥለው ደረጃ አለ።

ደረጃ 3፦ መቃኘት

ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ሲሄዱ መደበኛው ቅኝት ይህ ነው፦ 6ኛ ክር ኢ (82.4 ሄርዝ)፣ 5ኛ ኤ (110)፣ 4ኛ ዲ (146.8)፣ 3ኛ ጂ (196)፣ 2ኛ ቢ (246.9)፣ 1ኛ ኢ (329.6)። የቱነሩ ማጣቀሻ ኤ 440 ሄርዝ ላይ መሆኑን ያረጋግጡ።

1. የአንገቱን ፒክአፕ ይምረጡ፣ ቶኑን ዝቅ ያድርጉ፣ ክሩን በቀስታ ይምቱ። በኃይል የተመታ ክር መጀመሪያ ከፍ ብሎ ኋላ ስለሚወርድ ቱነሩ ይወላውላል።
2. ሁልጊዜ ከታች ወደ ላይ ይቃኙ። ካለፉት ጥሩ አድርገው ያላሉትና ከሥር ይምጡ፤ ከላይ ወደ ታች የተቃኘ ክር በመቃኛው ጥርሶች መካከል የቀረ ክፍተት ስላለው ብዙም ሳይቆይ ይወርዳል።
3. ስድስቱንም ከቃኙ በኋላ እያንዳንዱን ክር በ12ኛው ፍሬት አካባቢ በጣቶችዎ ወደ ላይ በመጠኑ ይሳቡት፣ እንደገና ይቃኙ፣ ይህን አራት ጊዜ ያህል ይድገሙ። አዲስ ክር “አይረጋም” የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ ይህን የዘለሉ ናቸው።

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ብዙ ቱነሮች የድምፁን ፊደል ብቻ እንጂ ኦክታቩን አይለዩም፤ ስለዚህ 1ኛውን ክር ከኢ አሳልፈው ወደ ላይኛው ኢ ለማድረስ ሲያጠብቁ ክሩ ይበጠሳል። ይህን ለመከላከል 2ኛውን ክር 5ኛው ፍሬት ላይ ይጫኑ፤ ክፍቱ 1ኛ ክር ሊሰጥ የሚገባው ድምፅ ይኸው ነው።

ከክራር ወይም ከማሲንቆ ጋር የሚጫወቱ ከሆነ ቅኝቱ በዘፋኙ ድምፅ ላይ ስለሚወሰን ጊታሩን ግማሽ ወይም አንድ ድምፅ ዝቅ ሊያደርጉት ይችላሉ። ነገር ግን ዝቅ ማለት ውጥረቱን ስለሚቀንስ የቀጣዮቹን ደረጃዎች ልክ ይቀይራል። ብዙ ጊዜ በምን ቅኝት እንደሚጫወቱ አስቀድመው ይወስኑ፣ ከዚህ በኋላ ያለውን ሁሉ በዚያው ቅኝት ይሥሩ።

ደረጃ 4፦ የአንገቱ ስርጉድ

ጀማሪዎች በጣም የሚፈሩት ደረጃ ይህ ነው፣ ደግሞም በአግባቡ ነው። ሆኖም ሥራው በራሱ ቀላል ነው፤ የሚጎዳው ትዕግሥት ማጣት ነው።

ክር ሲርገበገብ መሐሉ ሰፋ ያለ ቦታ ይፈልጋል። ስለዚህ አንገቱ ፍጹም ቀጥ ያለ ሳይሆን በመሐሉ ለዓይን በማይታይ መጠን ወደ ውስጥ የሰረጎደ መሆን አለበት። የክሮቹ ውጥረት ሰርጓዳ ያደርገዋል፣ በአንገቱ ውስጥ የተቀበረው የብረት ዘንግ ደግሞ ይቃወመዋል። ዘንጉን የምናጠብቀው ወይም የምናላላው በራሱ በኩል ወይም አንገቱ ከገላው በሚገናኝበት ጫፍ በሚገኝ ዳዶ ነው።

1. ጊታሩን ተቃኝቶ፣ በሚጫወቱበት አያያዝ ያስቀምጡት። በጀርባው አስተኝተው አይለኩ፤ የአንገቱ ክብደት ልኩን ያሳስታል።
2. 1ኛው ፍሬት ላይ ካፖ ያስሩ፣ በቀኝ እጅዎ ጣት 6ኛውን ክር አንገቱ ከገላው ጋር በሚገናኝበት ፍሬት ላይ ይጫኑ። አሁን ክሩ እንደ ማስመሪያ ሆኗል።
3. 8ኛው ፍሬት ላይ በክሩና በፍሬቱ አናት መካከል ያለውን ክፍተት በቅጠል መለኪያ ወይም በዚያ በ0.25 ሚሊሜትር የክር ቁራጭ ይፈትሹ። ቁራጩ ክሩን ሳያነሣ በጥብቁ ቢያልፍ ልኩ ደርሷል፤ ወደ ደረጃ 5 ይለፉ።
4. ቁራጩ በሰፊው የሚያልፍ ከሆነ ስርጉዱ በዝቷል። ዳዶውን ፊት ለፊት እያዩ በሰዓት አቅጣጫ ከሩብ ዙር ያልበለጠ ያጥብቁ።
5. ክሩ ፍሬቱን የሚነካ ከሆነ አንገቱ ቀጥ ብሏል ወይም ወደ ኋላ ጎብጧል። ከሰዓት አቅጣጫ በተቃራኒ ሩብ ዙር ያላሉ።
6. እንደገና ይቃኙ፣ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቁ፣ ዳግመኛ ይለኩ። ግማሽ ዙር ካስፈለገ በሁለት ጊዜ ያድርጉት።

ዳዶው አልዞር ካለ ኃይል አይጨምሩ። ያላሉትና በትክክለኛው ብሩጎላ ይሞክሩ፤ አሁንም ከተቃወመ ይቁሙና ጊታር ለሚጠግን ባለሙያ ይውሰዱት። የተሰበረ ዘንግ አንገቱን ካልፈቱና ካልሰነጠቁ በቀር አይወጣም፣ ዋጋውም አንዳንዴ ከጊታሩ ዋጋ ይበልጣል።

እኔ ራሴ ለብዙ ወራት የተሳሳትኩበትን ልንገርዎ፦ ክሩ ከፍ ሲልብኝ ዝቅ ለማድረግ ዘንጉን እያጠበቅሁ ነበር። የክር ከፍታ በኮርቻዎቹ ይስተካከላል፤ ዘንጉ ለስርጉዱ ብቻ ነው። ያንን ጊታር መጨረሻ ላይ 3ኛው ፍሬት ላይ ዝዝ እያለ ተውኩት።

እንጨት እርጥበትን ይጠጣል፣ ይተፋልም። በአዲስ አበባ የበጋው ደረቅ አየር ብዙ ጊዜ ስርጉዱን ይቀንሳል፣ የክረምቱ ዝናብ ደግሞ ይጨምራል። በጥር በትክክል የተስተካከለ ጊታር በሐምሌ ቢለወጥ ተበላሸ አይበሉ፤ ሩብ ዙር ያህል ይመልሱት።

ደረጃ 5፦ የክር ከፍታ

1. ያልተጫነውን 6ኛ ክር 12ኛው ፍሬት ላይ ይለኩ። መነሻው 2 ሚሊሜትር ነው፤ ለ1ኛው ክር 1.5 ሚሊሜትር።
2. እያንዳንዱ ክር የራሱ ኮርቻ ካለው በኮርቻው ግራና ቀኝ ያሉትን ሁለት ጥቃቅን ብሎኖች እኩል ያዙሩ፤ አንዱን ብቻ ካዞሩ ኮርቻው ይዘምማል፣ ክሩም ጎን ለጎን ይንሸራተታል። መካከለኞቹ አራት ክሮች የሰሌዳውን ክብነት ይከተሉ፤ በአንድ መስመር አያሰልፏቸው።
3. ብሪጁ በሁለት ምሰሶ የሚስተካከል ከሆነ ክሮቹን በመጠኑ ያላሉ፣ ከዚያ ምሰሶዎቹን ያዙሩ። በሙሉ ውጥረት ውስጥ ማዞር የምሰሶውን ጥርስ ይበላል።
4. ይቃኙ፣ በየክሩ ላይ እያንዳንዱን ፍሬት ይጫወቱ።

አሁን ዝዝታው የት እንደሆነ ያድምጡ፣ ምክንያቱን ቦታው ይነግርዎታል። ከ1ኛው እስከ 5ኛው ፍሬት ብቻ ከሆነ አንገቱ ቀጥ ብሏልና ወደ ደረጃ 4 ይመለሱ። ከ12ኛው በላይ ብቻ ከሆነ ክሩ ዝቅ ብሏል ወይም ስርጉዱ በዝቷል። በአንድ ፍሬት ላይ ብቻ ከሆነ ቀጣዩ ፍሬት ከጓደኞቹ ይበልጥ ተነሥቷል፣ ይህን በብሎን አያስተካክሉትም፤ ባለሙያ መሞረድ አለበት። ክሩ ክፍት ሲመታ ብቻ ከሆነ የነቱ ቦይ ጠልቋል።

በበገና ላይ ዝዝታው የሚፈለግ ነው፤ እንዚራ የምትባለው ቁራጭ ቆዳ ከክሩ ሥር የምትገባው ለዚያ ነው። በጊታር ላይ ግን ደንቡ ይህ ነው፦ በአምፑ በኩል የማይሰማ ቀላል ዝዝታ ካለ ይተዉት። ያለ አምፕ የሚሰማውን ሁሉ ለማጥፋት ክሩን እያነሡ ከሄዱ ጣትዎ ይከፍላል።

ደረጃ 6፦ ድምፁን በየፍሬቱ ማስማማት

ክሩን በሚጫኑበት ጊዜ በመጠኑ ስለሚወጠር ድምፁ ከፍ ይላል። ይህን ለማካካስ ኮርቻው ከትክክለኛው ርዝመት ትንሽ ወደ ኋላ ይቀመጣል፤ ወፍራም ክር ከቀጭኑ ይበልጥ ወደ ኋላ።

1. ኮርቻው ጨርሶ ከተዛባ መነሻውን በማስመሪያ ያግኙ። ከነቱ እስከ 12ኛው ፍሬት መሐል ይለኩ፤ በስትራቶካስተር ዓይነት ጊታር ወደ 324 ሚሊሜትር ነው፣ ምክንያቱም የክሩ ጠቅላላ ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው። በሌስ ፖል ዓይነት ደግሞ ጠቅላላው ወደ 628 ይሆናል። የ1ኛውን ክር ኮርቻ ከ12ኛው ፍሬት በዚያው ርቀት ላይ ያስቀምጡ፣ ሌሎቹን እየጨመሩ ወደ ኋላ ያኑሩ።
2. ክሩን ክፍት አድርገው በትክክል ይቃኙ። ከዚያ በ12ኛው ፍሬት ላይ ሳይጫኑ በጣት ነካ አድርገው ሃርሞኒኩን (በዚህ መንገድ የሚወጣውን ጥርት ያለ ድምፅ) ያሰሙ፣ ቱነሩን ያንብቡ።
3. ያንኑ ፍሬት በመደበኛ ጉልበት ተጭነው ያሰሙ፣ እንደገና ያንብቡ። በኃይል አይጫኑ፤ ከልክ በላይ መጫን ብቻውን ድምፁን ከፍ ያደርገዋል፣ ልኩንም ያበላሻል።
4. የተጫነው ከሃርሞኒኩ ከፍ ካለ ኮርቻውን ከአንገቱ ያርቁት። ዝቅ ካለ ወደ አንገቱ ያቅርቡት። ከማንቀሳቀስዎ በፊት ክሩን ያላሉ።
5. ይቃኙና ይድገሙ። ልዩነቱ ሁለት ሴንት ያህል (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ሲሆን ይበቃል።

ኮርቻው እስከ መጨረሻው ሄዶ አሁንም ካልተስማማ፣ ከኋላው ያለችው ሞላ ተጭናው ሊሆን ስለሚችል ሞላዋን አውጥተው በግማሽ ይቁረጧት። አሮጌ ክር ላይ ይህን ደረጃ አይሥሩ፤ የዛገ ወይም የተበላ ክር በየትኛውም ቦታ ቢቀመጥ አይስማማም።

ደረጃ 7፦ የፒክአፕ ከፍታ

6ኛውን ክር የመጨረሻው ፍሬት ላይ ይጫኑና ከክሩ እስከ ማግኔቱ ያለውን ርቀት ይለኩ። ለባለ አንድ ጥምጥም መነሻው በወፍራሙ በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ነው። የሚዞሩት ብሎኖች በፒክአፑ ግራና ቀኝ ያሉት ናቸው። ከዚህ ቢቀርብ ማግኔቱ ክሩን ስለሚጎትተው ወፍራሞቹ ክሮች ላይኛው ፍሬት ላይ ሲጫወቱ ይወላውላሉ፣ ደረጃ 6 ያደረጉት ሥራም የተበላሸ ይመስላል። ሀምበከር በመጠኑ መቅረብን ይታገሳል።

ደረጃ 8፦ ከአምፕ ጋር ማገናኘት

ከአሜሪካ የመጣ አምፕ ካለዎት ስፒናውን ከመሰካትዎ በፊት ጀርባውን ያንብቡ። እዚያ ያለው መስመር 120 ቮልት ነው፤ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለው 220 ነው። “120” ብቻ የተጻፈበትን አምፕ በቀጥታ ቢሰኩ በቅጽበት ይቃጠላል። ከ220 ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይግዙ፣ የዋት መጠኑም አምፑ ከሚፈልገው የበለጠ ይሁን። “100-240” የተጻፈበት አዳፕተር ግን ትራንስፎርመር አይፈልግም። ትራንስፎርመር ቮልቱን እንጂ ሄርዙን አይለውጥም፤ ስለዚህ አምፑ “50/60” የሚል ካለው ይሻላል፣ “60” ብቻ የሚል ከሆነ ግን የውስጥ ትራንስፎርመሩ ከልኩ በላይ ሊሞቅ ስለሚችል ለረጅም ሰዓት አያስኪዱት።

1. የጊታሩንም የአምፑንም የድምፅ መጠን ወደ ዜሮ ያውርዱ።
2. ኬብሉን በጊታሩ፣ ከዚያ በአምፑ ይሰኩ፤ ቀጥለው አምፑን ያብሩ። አምፑ ባለ ቲዩብ ከሆነ ስፒከሩ ሳይገናኝ በፍጹም አያብሩት።
3. ጌይን ዝቅ፣ ቤዝ፣ ሚድል እና ትሬብል መካከል ላይ ያኑሩ፣ የጊታሩን ድምፅ ሙሉ ያድርጉ፣ ከዚያ የአምፑን ቀስ ብለው ይጨምሩ። ጌይኑን አስቀድመው ካበዙት ስሕተትዎ ሁሉ በጩኸቱ ውስጥ ይደበቃል።
4. ሲጨርሱ በተቃራኒው ያድርጉ። መብራት ከሄደ አምፑን ከሶኬት ይንቀሉት፤ ሲመለስ ቮልቱ ሊዘል ይችላል።

ችግር ሲያጋጥም

*ጉምጉምታው ክሩን ሲነኩ የሚቀንስ ከሆነ* ጊታሩ ደህና ነው፤ ሰውነትዎ ከመሬት ሽቦው ጋር በክሩ በኩል ስለሚገናኝ የሚያስገባውን ጉምጉምታ ያቆማል። ሲነኩት የሚጨምር ከሆነ ግን ወደ ብሪጁ የሚሄደው የመሬት ሽቦ ተለያይቷል። ከፍሎረሰንት መብራት፣ ከሞባይል ቻርጀርና ከዲመር ራቁ፣ ወይም ጊታሩን አዙረው ይቀመጡ፤ አቅጣጫ ብቻ ጉምጉምታውን በግልጽ ይቀንሳል።

*ክሩን ወይም ማይክሮፎኑን ሲነኩ ከነዘረዎት* ጨዋታውን ያቁሙ፣ አምፑን ከሶኬት ይንቀሉ። የሶኬቱ የመሬት መስመር አልሠራም ወይም አምፑ ተበላሽቷል። ጉምጉምታ ለማጥፋት የስፒናውን የመሬት እግር የሚቆርጡ ሰዎች አሉ፤ ይህን የሚመክርዎትን አይስሙ።

*ምንም ድምፅ ከሌለ* በዚህ ተራ ይሂዱ፦ ኬብሉን በሌላ ይቀይሩ፣ መምረጫ ማብሪያውን ሁሉም ቦታ ላይ ይሞክሩ፣ ድምፁን ይክፈቱ። ከዚያ የካቻቢቴውን ጫፍ በፒክአፑ ማግኔት ላይ በቀስታ ያንኳኩ። “ቷ” የሚል ድምፅ በአምፑ ከተሰማ ፒክአፑና ሽቦው ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከክሩ ጋር ነው። ከአንዱ ፒክአፕ ሰምተው ከሌላው ካልሰሙ ያልሠራው ፒክአፕ ሽቦ ወይም ማብሪያው ነው። ከሁሉም ካልሰሙ ጃኩን ይመልከቱ። ጊታርዎ ባለ 9 ቮልት ባትሪ ከሆነ ባትሪውን ይለውጡ፤ እነዚህ ጊታሮች ኬብሉ ተሰክቶ እስካለ ድረስ ባትሪውን ይበላሉ።

*መቆጣጠሪያውን ሲያዞሩ ከተንጫጫ* በውስጡ አቧራ ገብቷል። ለኤሌክትሪክ መገናኛ የተሠራ የማጽጃ ስፕሬይ በመቆጣጠሪያው ክፍተት ጥቂት ነፍተው ሃያ ጊዜ ያህል ወዲያ ወዲህ ያዙሩ። የመኪና ዝገት ማላቀቂያ ዘይት አይንፉ፤ ዘይቱ ይቀራል፣ አቧራውንም ይሰበስባል።

*ጃኩ ከላላ* ውጪውን ዳዶ ብቻ ማዞር የተለመደ ስሕተት ነው። ጃኩ ከውስጥ አብሮ ስለሚዞር ሽቦዎቹ ይጠማዘዛሉ፣ በመጨረሻም ከመበየጃቸው ይላቀቃሉ። ክዳኑን ፈትተው ጃኩን ከውስጥ በፒንሳ ይያዙት፣ ከዚያ ዳዶውን ከውጭ ያጥብቁት።